ከጋቢዬ ሥር የቀረችው እጅ

የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆኜ መካነ ሰላም አዳራሽ የገባሁ ዕለት አንድ የሕገ መንግሥት መጽሐፍ፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። እስክሪብቶው አይጽፍም። ሆን ተብሎ ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። ቢጽፍስ ምን ልጽፍበት ኖሯል?

ሥራው ቶሎ ገባኝ። አፈ ጉባኤው አጀንዳ አንብበው «የሚደግፍ?» ሲሉ የፊት ወንበሩን የካቢኔ አባላት አያለሁ፤ የእነሱ እጅ ሲነሳ የእኔም ይነሳል። አንድ ቀን ከፊቴ ያለው ሰውዬ ራሱን ሊያክ እጁን ቢያነሳ እኔም አነሳሁ። ገና የሻይ ሰዓት እየተነገረን ነበር።

ያን ጊዜ ከጎንህ የተቀመጠው የማን ጆሮ እንደሆነ አታውቅም። ደፍሮ የሚናገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ማን ልኮት ነው እንላለን።

በሁለተኛው ዓመት የቀበሌዬ ገበሬ ሰይድ ታሰረ። ጥፋቱ በስብሰባ ላይ የመሬት ልኬታው አድልዎ አለበት ማለቱ ነው። ዳኛ ሳያይ ሦስት ሳምንት ሞላው። በጉባኤያችን ዋዜማ ሚስቱ ዘይነባ ቤቴ መጣች።

«አያ ተገኝ፣ አንቱን የመረጥነ ለዚህ ቀን ነው» አለችኝ።

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኋት። እንደወጣች ግን ልቤን እንድታወጣጣኝ ማን ላካት እያልሁ አመሸሁ።

በጉባኤው ስለ ሰይድ የተነሱት እኔ ሳልሆን የሌላ ቀበሌ ተመራጩ፣ የቁርአን አስተማሪው ሼህ ይመር ናቸው። ያችን የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ገልጠው፣ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለውን አነበቡ። ፖሊስ ቀርቦ ያስረዳን የሚል ሐሳብም አቀረቡ። በደንባችን ሐሳቡ ለክርክር የሚቀርበው ሌላ አንድ አባል ከደገፈው ነው።

«የሚደግፍ?» አሉ አፈ ጉባኤው።

የፊቱን ወንበር አየሁ። የሚያክ እንኳ የለም። ሼሁን አየሁ። አብሮ የሚነሳውን ለመለየት ተልከው ቢሆንስ? እጄን ከጋቢዬ ሥር አላወጣኋትም።

ደጋፊ የለም ተብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

ስንወጣ ሼሁ በር ላይ ጠበቁኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል።

«ተገኝ፣ ተልኮ ነው ብለህ ጠረጠርኸኝ አይደል?»

በፍጹም ብዬ ዋሸሁ።

«እኔስ ጠርጥሬህ ነበር። ያች ሴት እኔም ዘንድ መጥታ፣ አያ ተገኝ አብሽሪ ብለውኛል ስትለኝ፣ ይኸ ሰውዬ ያለ ነገር አላላትም ብያለሁ።» ሳቁ። «ግን ተናገርሁ።»

የምንሰበሰበው በየሦስት ወሩ ነው። ሰይድ እዚያው ሰነበተ፤ የዘር ጊዜ አለፈበት፤ መሬቱ ያን ዓመት ጦሙን አደረ። በቀጣዩ ጉባኤ ሼሁ ያንኑ ሐሳብ ሲያቀርቡ እጄን አነሳሁ። የፊት ወንበሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሼሁ ተልከው እንደሆነ ያን ጊዜም እርግጠኛ አልነበርሁም።

ሐሳቡ ለክርክር ቀረበ፤ የተጻፈውን ሕግ እቃወማለሁ የሚል ስላልተገኘ ፖሊስ ተጠራ። ሰይድ በሳምንቱ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ክስ አልተገኘበትምና ተለቀቀ። በተከታዩ ምርጫ ስሜ ከዕጩዎች ዝርዝር ተሰረዘ። ይህን እንኳ መጠርጠር አላስፈለገኝም።

ምክር ቤት የሚቀመጥ ሰው መጠርጠሩን ይተው አልልም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተውሁ። እየጠረጠረም ቢሆን በዚያው ቀን እጁን ያንሳ።