የጋሽ መቀስ ወንበር፦ ሸርጣን ወይስ ጦጣ

ዝናብ ያሯሯጠው እንግዳ እግሩ ያደረሰው ፀጉር ቤት ገባና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ባለቤቱ፣ ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» የሚላቸው ሰውዬ፣ ምን ልቁረጥልህ ሳይሉ ወንበሩን እንደ እንዝርት አሾሩት። እንግዳው መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

«ሸርጣን!» አሉ ጋሽ መቀስ በደስታ። «እንኳን ደህና መጣህ!»

በሳቸው እምነት ሰው ሁሉ ወይ የወንዝ ሸርጣን ነው ወይ የዛፍ ጦጣ። ሸርጣን የያዘውን ሞቶም አይለቅም፤ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ስለ ሚስቱ ብትጠይቀው ስለ ጣሪያው ይመልስልሃል። ጦጣ ደግሞ ሳቂታ ነው፤ ዛሬ እዚህ ቅርንጫፍ፣ ነገ እዚያ። ወንበሩ ሲሾር እግሩን አንስቶ ይንከተከታል፤ ጺሙ ግማሽ ላይ ሳለ ስልክ ተደውሎለት ብር ይላል።

የእንግዳውን ፀጉር እየቆረጡ እንዳጫወቱት፣ ይህ ሁሉ ቀልድ ነበር፣ ያኔ አንድ ወጣት ዳቦ ጋጋሪ አንዲት ሴት ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ እስኪመጣ ድረስ። ጋሽ መቀስ «ልጄን ለጦጣ አልሰጥም» ብለው ምለዋል። አስቀመጡት፣ አሾሩት። ጋጋሪው በእጁ መደገፊያውን ጨመደደ፤ እግሮቹ ግን አየር ላይ እየተወራጩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ምን ጉድ ነው? ከወገብ በላይ ሸርጣን፣ ከወገብ በታች ጦጣ!» ደግመው አሾሩት፤ ያው ነው። «በቃ! ያልለየለት እንስሳ ቤቴ አይገባም!»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ይሄኔ ሚስታቸው እርጥብ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታሾር ኖርክ። ራስህ ሾረህ ታውቃለህ? እስቲ ተቀመጥ!»

ሴትዮዋ ክንደ ብርቱ ናቸው። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ጋሽ መቀስ መደገፊያውን ሊይዙ ሲሉ ሳቱት፤ መነጽራቸው ወደ አንድ፣ ነጠላ ጫማቸው ወደ ሌላ በረረ፤ እሳቸው ተወርውረው የዳቦ ጋጋሪው አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ ቆሟል።»

«ዝም በል! ዓለም ገና አልቆመችም!»

«አይዞዎት፣ እስክትቆም ይዤዎታለሁ።» እውነትም ያዛቸው፤ ሳቁንም ዋጥ አደረገው።

«ታዲያ ልጅህን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም?» አሉ ሚስታቸው።

ጋሽ መቀስ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጫማዬ የታለች? እሷም ብትገኝ ለሠርግ አትሆንም» አሉ።

ልጅቷ እልል አለች።

ዝናቡ ሲያባራ እንግዳው በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ለመሆኑ አማችዎ የቱ ሆኖ ተገኘ?» ቢላቸው፣ ጋሽ መቀስ ፎጣቸውን እያራገፉ፣

«ዳቦው መቼም ግሩም ነው» አሉት።