ሣር የያዘው ወጥ ሠሪ

ከሲቀላ ገበያ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የፈረንጅ ፊልም በመተርጎም የተፈተንኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም፤ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ በራሴ ተማርኩት። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ከስልጤ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ፣ ነገሩን አሳጥረው ነገሩኝ። ሰዉ ከሳቀ ሥራው የእኔ ነው፤ ካልሳቀ ወደ መንደራችን ላንቴ፣ ወደ አባቴ የሙዝ እርሻ እመለሳለሁ።

ፊልሙ በጦርነት መሃል የሚቀልድ ነው። ባለቤቱን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነበር። ፊት ወንበር ላይ የዶርዜ ሸማኔዎች ተቀምጠዋል፤ ከመሃላቸው አንዱ እግሩን ሰሜን ጦር ሜዳ ትቶ የተመለሰ ወታደር ነው። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን ሳይፈታ ያያል።

ታሪኩ መንገድ ጠፍቶት ጠላት ሰፈር ስለገባ የጦር ወጥ ሠሪ ነው። እስከ አጋማሹ ፈገግ ያለ እንጂ የሳቀ የለም። ከዚያ ወጥ ሠሪው ከተደበቀበት የሣር ጋሪ ተንሸራቶ የጠላት ሻምበል እግር ሥር ወደቀ። እንደተንበረከከ እጆቹን አነሳ፤ በሁለቱም እርጥብ ሣር ጨብጧል።

ፈረንጆቹ ይህን ያዘጋጁት ለሳቅ ነው። የእኛ ቤት ግን ጸጥ አለ። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ዱላ ያነሳ ሁሉ ያወርዳል። ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። ወታደሩም ክራንቹን ስቦ ቆመ። ሻምበሉ ሽጉጡን ሲያወጣ ከኋላ አንድ ሰው «ነውር ነው» አለ።

ሻምበሉ ጠየቀ፤ ወጥ ሠሪው መለሰ። መልሱ ገብቶኛል። ባለቤቱ ከበሩ ሆነው፣ ደስ የሚል ነገር ጨምር እያሉ በእጃቸው ይጠቁሙኛል። ስለ እርቅ አንድ ቃል ጣል ባደርግ ሁሉም ረክቶ ይቀመጥ ነበር። ግን አልተባለም። የተባለውን እንዳለ ተረጎምኩ።

«ሻምበሉ ‹እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?› አለው። ‹ቁርሴ ነው፣ ጌታዬ› አለ።»

ወታደሩ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ተቀመጡ በሉ። ሽማግሌ መስሎን ለበሬ ነው የተነሳንለት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ራሱ ክራንቹ እስኪወድቅ ሳቀ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሻምበሉም ስቆ ሽጉጡን መለሰ።

ሰው ሲወጣ ወታደሩ አጠገቤ ቆመና ወጥ ሠሪው በእርግጥ እንደዚያ ብሎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ነው አልኩት።

«ቁርስ ይበለው እንጂ፣ ያዳነውስ ሣሩ ነው» አለ።

ባለቤቱ ቀጥዬ የምተረጉመውን ፊልም ካሴት አቀበሉኝ። ቤታችን ማጫወቻ ቀርቶ መብራትም የለ፤ እኔ ግን ይዤው ላንቴ ሄድኩ። አባቴ ሙዙ መሃል ነበር። ፈተናው እንዴት ሆነ ሲለኝ፣ አፈር የነካ እጁን በነጠላው እስኪጠርግ ጠበቅኩና ካሴቱን ሰጠሁት።