የእህቴ እሑድ

ቤታችን የሰርግ አዳራሽ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ሰዉ «ሳላ» ይለዋል፤ እኛም ለምደን ሳላ እንላለን። እኔ ስወለድ ግን የሰሊጥ ማሳ ነበር። አባቴ ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ወረቀቷም የሱዳን ስለነበር፣ ከከተማው ዳር ያለችው ማሳ በእሷ ስም ተመዘገበች። ከተማው እየሰፋ መጥቶ አጥራችንን ነካ። አንድ ዓመት ሰሊጡ ታጭዶ መሬቱ ባዶ ሲሆን፣ ጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ሐጅ ለልጃቸው ሰርግ ድንኳን ልትከል ብለው ለመኑ። አባቴም «ይትከሉ፣ ምን ችግር አለው» አለ። በዓመቱ ሌላ ሰው መጣ። በሦስተኛው ዓመት አባቴ ጭራሽ ዘር አልዘራም።

እናቴ አኩርፋ ነበር። «መሬት እንዴት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል?» እያለች ትነጫነጫለች። ማን ይሰማታል! ግንቡ ተሠራ፣ ጣሪያ ወጣ፣ ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ። ዋልካ መሬት ደግሞ ሲሚንቶ አያስቀምጥም፤ በጋ በመጣ ቁጥር ይሰነጠቃል። የጫማዋ ተረከዝ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ስንቷ ሙሽራ ለመውደቅ ደርሳለች! እናቴ አረፈች፣ አባቴም ተከተላት። እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ቀረን። ትልቋ እኔ ነኝና የቀጠሮው ደብተር እኔ እጅ ገባ።

ደብተር መያዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሐበሻ ሰርግ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ድሮ ረመዳን ክረምት ላይ ይውል ስለነበር እነዚያ ሳምንታት ለእኛ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ረመዳን ግን በየዓመቱ ዐሥር ዐሥር ቀን እየቀደመ መጥቶ ዐቢይ ጾም ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጾም ሳይገባብኝ ልዳር ይላል። ሰዉ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ!

እህቴ የታጨችው እንዲህ ባለው ዓመት ነው። እጮኛዋ ከጎንደር ለሰሊጥ ሥራ መጥቶ፣ ኋላ በዶካ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነበር። ጨዋ፣ ሳቂታ ልጅ። ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለው እሑድ ላይ ስሟን ጻፍኩላት። በእርሳስ ነው የጻፍኩት። የሌላውን ሁሉ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ የእሷን በእርሳስ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

በሳምንቱ ሐጅ መጡ። የመጨረሻ ልጃቸው ልታገባ ነው፤ ሳላውን ያንኑ ሳምንት ከሐሙስ እስከ እሑድ ይፈልጉታል፤ ሰኞ ወንድ ልጃቸው ወደ ሳዑዲ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ድንኳን የተከሉት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲታመም ሐኪም ቤት በመኪናቸው ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። እንዴት እምቢ ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝና ላጲስ አነሣሁ።

ለእህቴ «እኛ ባለቤቶች ነን፣ ለእኛ ቀን መች ይጠፋል?» አልኳት። እስከ ጾሙ ያሉት እሑዶች ሁሉ ተይዘው ስለነበር ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን አልኩ። «ሌላ ቦታ ዳስ እንጣልና በቀኑ ይለቅ» አለችኝ። «ሳላ ያለው ሰው እህቱን በሰው ግቢ ይድራል? ሰው ምን ይለናል!» ብዬ ጮህኩባት። አይ እኔ! መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች፤ እሺ እንዳለች ቆጠርኩት።

ልጁ እስከዚያ ለሰርጉ ትንሽ ገንዘብ ልያዝ አለና ካርቱም ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለፋሲካ ሊመጣ ነበር። አሠሪው እስከ ዓርብ አቆየው፤ ቅዳሜ ሊሳፈር ተነሣ። ያን ቅዳሜ ለፋሲካ ዶሮ እየገነጠልን ሳለ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ የሚል ወሬ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ደወለላት። «ደህና ነኝ፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ» አላት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እስካሁን እንደተዘጋ ነው።

ሳላው ከካርቱም በሸሹ ሰዎች ሞላ። አንሶላ በገመድ ላይ እየዘረጉ ለየቤተሰቡ ከፈሉት። እህቴ ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ልጅ ትይዝላቸዋለች፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ትጠይቃለች። «ዳቦ ቤት የሚሠራ ሐበሻ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ አላያችሁም?» አንድም ያየው አልተገኘም። የሐበሻ ስደተኞች ያሉበት ኡም ራኩባ መጠለያ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። አሁን ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ሰርግም አልፎ አልፎ ጀምሯል። እሷ ወንበር ትደረድራለች፣ ታጥባለች፤ የሰርጉ ዕለት ግን ከክፍሏ አትወጣም።

ባለፈው ሰሞን ወንበር ስንደረድር አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። «ይቅር በይኝ። ቀንሽን ባልሰጥብሽ ኖሮ ካርቱም አይሄድም ነበር» አልኳት።

የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። «እታለም፣ ጦርነቱን አንቺ አላመጣሽው» አለችኝ። «በእሱ ቂም የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሐጅ ጠይቀውሽ ነበር እኮ። ‹ቀኑን የያዘ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ› አሉሽ። አንቺ ደግሞ ‹ኧረ ማንም የለም› አልሻቸው። እኔ እዚያው ወለሉን እየጠረግኩ ነበር።»

አላልኩም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን «ኧረ» ማለቱ የእኔ ነው፣ አነጋገሩም የእኔ ነው። ማለቴን ግን ብፈልግ ብፈልግ አላስታውሰውም። ይህን ሁሉ ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቅርታ ስለምን የኖርኩት በሌላ ጥፋት ነበር።