አንዲት ዘለላ ጸጉር

የእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ ሙሉ በሸሚዝ በወጣበት ሙቀት፣ አሮጊቷ የሱፍ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው ወደ ግሌኒስ የሳንቲም መሸጫ ገቡ። ከባርኔጣው ጠርዝ በታች አንዲት ጸጉር እንኳ አትታይም።

«በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ ለሠሩት ሴቶች ወጣ የተባለውን የመታሰቢያ ሳንቲም እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ግሌኒስ ሳንቲሙን ከነማጉያ መነጽሩ አቀረበችላቸው፤ ወንበርም ሳበችላቸው። አልተቀመጡም። እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ክርናቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ ፊት ለፊታቸው ማሽን የሚሽከረከር ይመስል ቆመው አዩት። ሳንቲሙ ላይ ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን የምትሠራ ወጣት አለች፤ ከሻሿ ያመለጠች አንዲት ዘለላ ጸጉር ግንባሯ ላይ ወርዳለች።

«ታምራለች አይደል፣ እማማ?»

«ማማሩንስ ታምራለች። ግን ይቺ ልጅ ለምሳ አትደርስም።»

«ምነው?»

«ጸጉሯን ይበላዋላ! ቶርኖ እኮ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ከነቆዳው ነው የሚወስደው።» እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ ባርኔጣውን ይበልጥ ዝቅ አደረገው።

ሳንቲሙን ገዙት። ወዲያው ከቦርሳቸው የጥፍር ሞረድ አወጡ።

«ኧረ እማማ! ከተነካ እኮ ማንም አይፈልገውም!»

«ዝም በይ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ጥርሳቸውን ነክሰው ዘለላዋ ድምጥማጧ እስኪጠፋ ሞረዷት። ብናኙን እፍ ብለው አራገፉና ሳንቲሙን ለግሌኒስ መለሱላት።

«መስኮቱ ላይ አስቀምጪልኝ» አሉ። «አሁን ትሥራ።»