ለጌጥ የቀሩ ምስማሮች

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ባለሦስት ሳንቃ መደርደሪያ አለ። ቤታችን ገብቶ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀርብለት፣ የዚህን መደርደሪያ ታሪክ ያልሰማ እንግዳ የለም። «በገዛ እጄ የሠራሁት ነው» እላለሁ። እንግዳው ለይሉኝታ «እውነት?» ይላል። ይቺን ቃል ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ሳንቃውን ከአዲሱ ገበያ በትከሻዬ ተሸክሜ ዳገቱን ከወጣሁበት እጀምራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን መንገድ የተሸከመው አህያ ነው። አህያው ግን በታሪኩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

በሥራዬ ቀያሽ ነበርኩ። የሰው አገር ዳገትና ቁልቁለት እየለካሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ የራሴን መደርደሪያ ስሰቅለው ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። ብርቱካን ብታስቀምጥበት ተንከባሎ መስኮቱ ሥር ታገኘዋለህ። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩና በሳምንቱ ለቅየሳ መስክ ወጣሁ። ስመለስ ግን ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ! ገረመኝና ለራሴ ምክንያት አበጀሁለት፦ ጥሩ እንጨት እንደ ጥሩ በቅሎ ነው፣ ጌታውን ሲለምድ ይታረማል። ይህንንም ለሰው ሁሉ አስተማርኩ።

ከሁሉ አብልጦ የተማረልኝ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው፤ እንደኔው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ከሰዓት በኋላ ከእሱ በር ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እንሞቃለን። እኔን የሚጠራኝ «ኢንጂነር» ብሎ ነው። ወሬ ሲያልቅብን አገጩን በመዳፉ ደገፍ ያደርግና «እስቲ ኢንጂነር፣ ያን መደርደሪያ እንዴት እንደሰቀልከው ንገረኝ» ይለኛል። እነግረዋለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «ነግረኸኛል እኮ» ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል እያልኩ አምላኬን አመሰግን ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለዘመን መለወጫ ሳሎኑን ቀለም ልናስቀባ ስንነሳ ልጄ ልታግዝ መጣች። ልጄ የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ባል አግብታ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። ሥራ ስትፈታ ስልኳ ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች መደርደሪያ ስታይ ነው የምትውለው። ያን ቀንም ክዳን ያላቸው ሙዳዮች፣ ሁለት ባለቀለም ሰፌድና አንድ የአበባ ማሰሮ አቅፋ ገባች። ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ታፍኗል።»

«እንጨት ነው ልጄ፣ አይተነፍስም።»

«የሚያየው ዓይን ነው የሚታፈነው። መደርደሪያ እኮ ግማሹ ለጌጥ፣ ግማሹ ለዕቃ ነው። የሚያምረው ይታያል፤ የማያምረው ሙዳይ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ እኔን የትኛው ሙዳይ ውስጥ ልትከቺኝ ነው?»

ሚስቴ ከጓዳ ሳቀች። ልጄ ግን ሥራዋን ቀጠለች። የደም ግፊት መድኃኒቴን፣ ያለቁትን የባትሪ ድንጋዮች፣ ከደርግ ጊዜ ወዲህ ያልተናገረውን ሬዲዮ፣ ለእንግዳ ተብለው እንግዳ የማይጠጣባቸውን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከእንጦጦ ማርያም የመጣውን የጠበል ፕላስቲክ ልትከት ሙዳይ ስትከፍት ሚስቴ ብቅ አለች። «ጠበል አይደበቅም» አለች። በቃ፣ ጠበሉ ጌጥ ሆነ።

ከዚያ ልጄ የማይነገረውን ተናገረች። «እንዲያውም ለቀለሙም እንዲመች ይሄን አውርደን አዲስ ብንገዛ ጥሩ ነው። አርጅቷል።»

ደሜ ፈላ። ግፊቴን የሚያበርደው መድኃኒት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ስሚ» አልኳት፤ «ይሄ መደርደሪያ ከሳንቃው እስከ ምስማሩ የኔ እጅ ነው። የኔ እጅ ያልነካው አንዲት ነገር ካገኘሽበት፣ እኔው ራሴ አወርደዋለሁ። ቃሌ ነው!»

ከጓዳ ይሰማ የነበረው ሳቅ ተቋረጠ። መቋረጡን ሰምቻለሁ። ርቀት እንጂ ዝምታ መለካት ስለማልችል ዝም ብዬ አለፍኩት።

«ተይው በቃ፣ እዛው ላይ ደርድሪለት፤ አይውረድ» አለቻት ሚስቴ ልጇን። እኔ ሞኙ የወገነችልኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ልጄ አቧራ ልትጠርግ ጎንበስ ብላ የስልኳን መብራት ከታችኛው ሳንቃ ሥር አበራች። «ውይ አባዬ፣ ጎበዝ ነህ እኮ! ቪቴውን እንዴት አሳምረህ ነው የቀበርከው!»

«የምን ቪቴ?»

እኔ መደርደሪያውን የሰቀልኩት በምስማር ነው። ቪቴ ገዝቼ አላውቅም፤ የሚፈታውም የሚያጠብቀውም ካቻቢቴ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። መነጽሬን አጥልቄ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ከሳንቃው ሥር ገባሁ። መዳፍ የሚያህሉ የብረት ማዕዘኖች ከግድግዳውና ከእንጨቱ ጋር በቪቴ ተያይዘው ሳንቃውን ተሸክመዋል። የኔ ምስማሮችም አሉ። አንገታቸውን ቀልሰው፣ ምንም ሳይነኩ፣ ተቆልምመው ቆመዋል።

«ማነው የነካው?» አልኩ እዚያው ሥሩ ሆኜ።

ሚስቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ታደርቃለች። «መስክ በወጣህ ማግስት ወደቀ» አለች።

«ምኑ?»

«ሁሉም ነዋ። ከነብርጭቆው።»

«እና ስመለስ አትነግሪኝም?»

«ስትመለስማ ጫማህን ሳታወልቅ ሄደህ ዳበስከው። ‹አየሽ፣ ንቅንቅ አላለም› አልከኝ። ፊትህ እንዲያ በርቶ ምን ልበልህ?»

«ወድቆ ነበር በዪኛ!»

«ነገ እነግረዋለሁ ስል ለጎረቤቱ አወራህ። ከዚያ ለእድሩ አወራህ። ከዚያ ለነፍስ አባታችን አወራህ። የነፍስ አባት ከሰማው በኋላ ምን ይባላል?»

«ማነው መልሶ የሰቀለው?»

ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ አጥሩ ላይ አረፈ።

ሚስት ለቤቷ ሰላም ብላ ትደብቃለች፤ ይሄ ይገባኛል። እኔም የደበቅኳት አህያ አለ። ግን ያ ሰውዬ! አገጩን ደግፎ! ምስማሩን እንዴት እንደመታሁ በእጄ እያሳየሁ ስነግረው፣ እሱ ቪቴውን በየትኛው እጁ እንዳዞረ እያስታወሰ ነበር። «እንጨቱ ራሱን በራሱ አረመ ነው የምትለኝ?» ይለኝ ነበር። «አዎ» እለዋለሁ። «ሳይንስ ነው» ይለኛል። ሰው ሲስቅብህ ጀርባህን ጠብቆ ነው። እሱ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ሳቀብኝ፤ ያውም ሳይስቅ። ኢንጂነር የሚለውም ያኔ ነው የገባኝ። እኔ እኮ ማዕረግ መስሎኝ፣ አንድ ቀን ረስቶ በስሜ ቢጠራኝ ቅር ብሎኝ ነበር።

«አወርደዋለሁ» አልኩ።

«ኧረ አባዬ፣ ቀልድ ነው፣ ተወው።»

«ቃል ቃል ነው።»

ችግሩ፣ ቪቴ በጥርስ አይፈታም። በአካባቢው ካቻቢቴ ያለው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የበደለኝን ሰው የምቀጣበትን መሣሪያ ከራሱ ከበዳዩ ልዋስ ጭቃውን እያቦካሁ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሚስቴ ደውላለት ኖሯል። አጥሩን ዞሬ እስክደርስ እንኳ መካከር አላቆሙም!

«ና፣ ኢንጂነ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ባለቤትህ አደራ አለችኛ። ምስማርህ የግድግዳውን ጭቃ ብቻ ነበር የያዘው፣ ውስጥ ያለውን ቋሚ አላገኘውም። ቀላል ነገር ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል።»

«እሺ፣ አደራው ዝም እንድትል ነው። እንዴት ሰቀልከው እያልክ እንድትጠይቀኝም አደራ ብላሃለች?»

መሬት መሬት አየ። «ስታወራው ደስ ይለኛል» አለ። «ወሬው ከመደርደሪያው ይበልጣል።»

ይሄ የባሰ አናደደኝ። ጥሩ መልስ ነበርና።

አብረን ወደ ቤት ገባን። እኔ ልፍታው ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ «አንተ አንዴ ነክተኸዋል፣ ይበቃሃል» ብዬ ከላይኛው ሳንቃ ልጀምር በርጩማ ላይ ወጣሁ። ልጄ በርጩማውን ያዘች። በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ቪቴ ባለ በሌለ ኃይሌ አዞርኩ። እንጨቱ ክርር አለ። ሁለተኛውን አዞርኩ፤ ሦስተኛውንም። ላቤ በመነጽሬ ላይ ይወርዳል። ሁሉንም ጨርሼ ሳንቃውን ብነቀንቀው እንደ ዓለት ቆሟል።

ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ... እ... ማለቴ... እያጠበቅከው እኮ ነው።»

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ ወደ ጓዳ ሮጠች። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀም። የቆየ ልምድ አለው።

እዚያው በርጩማው ላይ ቆሜ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ምስማሮቼንስ ለምን አልነቀልካቸውም?»

«ያንተ ናቸዋ» አለኝ። «ዕቃ አይዙም፤ ለጌጥ ተውኳቸው።»

ወረድኩ። ሁለተኛ ልፍታው አላልኩም፤ ጉልበትም አልነበረኝ። ቀለሙ በዙሪያው ተቀባ። ልጄ እንዳሰበችው ደረደረችው፦ መድኃኒቱና ባትሪው ሙዳይ ውስጥ ገቡ፤ ሰፌዶቹ ከኋላ ቆሙ፤ ከጠበሉ አጠገብ ለዓይን መተንፈሻ ብላ ባዶ ቦታ ተወች። የማይሠራው ሬዲዮ ለጌጥ ተብሎ ላይኛው ሳንቃ ላይ ተሾመ። ያምራል፤ ምን ልዋሽ። እንግዳም ሲመጣ «ማን ሠራው?» ይላል። ሚስቴ እኔን ታያለች፤ እኔ ልጄን አያለሁ። ልጄ ከሌለች ሻዩ ይቀርባል።

ከጎረቤቴ ጋር አሁንም አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። አኩርፌ ለጥቂት ቀን ብቀር ፀሐዩ ያለው እሱ በር ላይ ብቻ ሆነብኝ። ስለ ብርዱና ስለ ጉልበታችን እናወራለን። በስሜ ነው የሚጠራኝ። ስለ መደርደሪያው አይጠይቀኝም። የሚገርመው ደግሞ፣ ሳልዋሽ በእጄ ያጠበቅኩት ነው ማለት የምችለው ገና አሁን ነው፤ የሚጠይቀኝ ግን ጠፋ። አንዳንዴ ወሬ አልቆብን ዝም ስንል እጁን ወደ አገጩ ያነሳል። እኔም ቀና ብዬ እጠብቃለሁ። ጉንጩን ያክና እጁን ጉልበቱ ላይ ይመልሰዋል።