የማሽኑን ጥያቄ «አይ» በሉት

እታለም ሰው ሲጠይቃት እምቢ ማለት አይሆንላትም። «እስከ ምሳ ታደርሺልኛለሽ?» ሲሏት እሺ፣ «ፊደሉን እግረ መንገድሽን አርሚልኝ» ሲሏትም እሺ። ሃያ ሁለት ዓመት በጽሕፈት ሥራ የኖረችው እንዲህ ነው። እምቢታዋን ሁሉ ያጠራቀመችው ለማተሚያ ማሽኗ ነበር።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ቀለም ሲያልቅ፣ እንደ ሙያ አጋሮቿ ሁሉ የቀለም መያዣውን ካርትሪጅ በሲሪንጅ ሞልታ ትመልሰዋለች። ማሽኑ ግን ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር «ራሴን ላድስ?» እያለ ይነዘንዛታል። አንድ ጠጋኝ «እሺ ያልሽው ቀን፣ አንቺ የሞላሽውን ቀለም አይቀበልሽም። ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት» ብሎ አስጠነቀቃት። ከዚያ ወዲህ በማሽኑ ግንባር ላይ «የሚጠይቃችሁን ሁሉ አይ በሉት» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች።

ማክሰኞ ዕለት ዓይኗን ልትታይ ሄዳ ሱቁን ለእኔ ለታናሿ ተወችልኝ። አንዲት ነርስ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ መጣች። ዘጠና ስድስት ገጽ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላስረከበች ምረቃዋ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ዘጠኝ ገጽ እንዳወጣ ማሽኑ ቆሞ ያንኑ ጥያቄውን ጠየቀኝ። ማስጠንቀቂያውን አላየሁም ብዬ አልዋሽም፤ አይቼዋለሁ። ግን ነርሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔም እሺ ካልኩት ቶሎ የሚለቀኝ መሰለኝ። እሺ አልኩት። ጠፍቶ በራና «የተገጠመው ቀለም ኦሪጅናል አይደለም፤ ይቀይሩ» አለኝ። ቅድም በዚሁ ቀለም ዘጠኝ ገጽ አትሟል እኮ። አውጥቼ መለስኩት፣ ጠረግኩት፣ ተሳደብኩ፣ ለመንኩት። ወይ ፍንክች። ነገሩ ተበላሽቶ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር፤ ደኅና ሆኖ እምቢ ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

እታለም ዓይኗ በጠብታ እያለቀሰ ስትመጣ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እሺ አልሽው?»

«አልኩት፣ እታለም።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኦሪጅናሉን ብንገዛስ?» አለች ነርሷ።

«ከገበያ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው፣ የኔ ልጅ።»

ካርትሪጁን ነቅላ በጋዜጣ ጠቀለለችና «ተነሱ» አለችን። መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ባለቤቱ የታፔላዋን ቀለምና የፊደሏን ቅርጽ ሳያስቀር ስለቀዳባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስታዋለች።

«የመጣሁት ለራሴ አይደለም፣ ለልጅቷ ነው» አለችው። «ማሽንህ እንደኔው ዓይነት ነው አይደል? እሺ ብለኸው ታውቃለህ?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። የእሱም ማሽን ግንባር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «የሚጠይቃችሁን ሁሉ አይ በሉት» ይላል፣ በእታለም ፊደል አጣጣል፣ ከሥሩ እንደምታሰምረው ተሰምሮበት።

«አንድ ቀን እርስዎ በሌሉበት ገብቼ አይቼው ነው፣ እትዬ» አለ።

እታለም «እንኳን ቀዳኸው» ብላ ካርትሪጁን አቀበለችው። ሲገጥመው አረንጓዴው መብራት በራ። ያንኑ የእኛን ቀለም፣ ያው ዓይነት ማሽን ያለ አንዳች ኩርፊያ ተቀብሎ ከአሥረኛው ገጽ ቀጠለ። ሰውዬው ራሱ ጠረዘው። ነርሷ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እቅፍ አድርጋው እየሮጠች ሄደች።

ወደ ሱቃችን ስንመለስ እኔ እታለምን ቀና ብዬ ለማየት አፍሬያለሁ። ከእንግዲህ ቁልፉን አትሰጠኝም ብዬ ደምድሜ ነበር። ማሽኑ ደግሞ እንደ በራ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ አውጥቷል። «በምርታችን ረክተዋል?» ይላል።

እታለም ወንበሯን ሳበችና ቁጭ አለች።

«ዓይኔ ደህና አያይልኝም» አለችኝ። «ነይ፣ አንቺ መልሺለት።»