የእትዬ ብርቄ ዳቦ ቆሎ ጀርመን ገባ

የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ያለችኝ አንድ ካሜራ ልክ ሰርግ ሊበዛ ሲል ተበላሸችብኝ። እዚህ የሚጠግናት ጠፋና ጀርመን ልትላክ ሆነ። ከመካኒሳ አቦ እስከ ብስራተ ገብርኤል ያሉትን እቃ ላኪዎች አዳረስኩ። አንዱ ርካሽ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ግን እግዜር ይወቀው። ሌላው ፈጣን ነው፤ "ስትመለስ ቀረጡ የራስህ ጉዳይ ነው" አለኝ። ሦስተኛው "ለጥገና እንደወጣች ከተመዘገበች ስትመለስ አትቀረጥም" ሲለኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

የሦስተኛው ላኪ ሠራተኛ ካርቶኑን ለፍተሻ ስትከፍት ከካሜራዬ ጎን አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አገኘች። ነቀነቀችው፤ ተንኮሻኮሸ።

"ይሄም የካሜራው አካል ነው?"

ክዳኑን ብከፍተው ዳቦ ቆሎ! ካርቶኑን ያሸጉልኝ አከራዬ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ።

"ታዲያ ልጄ፣ ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል? ለሚጠግኑት ነው።"

ቆርቆሮውን ላወጣው እጄን ሰደድኩ። ሠራተኛዋ ግን እየሳቀች እፍኝ ሙሉ ቀመሰችና "ስጦታ" ብላ መዘገበችው።

ካሜራዬ ድና መጣች። ጉምሩክ ያለው ሰውዬ "ካሜራዋ ነፃ ናት፤ ይሄ ግን ይቀረጣል" ብሎ ብስኩት የሞላበት የሚያምር ቆርቆሮ አሳየኝ። ለዳቦ ቆሎው ጠጋኞቹ የመለሱት ነው! ብቻዬን እየሳቅኩ ከፈልኩ።

እትዬ ብርቄ ብስኩቱን ለግቢው ሰው አዳረሱ። በማግስቱ ቆርቆሮው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል።

"እትዬ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?"

"የሰው እቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? የትኛው ላኪ ነበር የሚሻለው ያልከኝ?"